ጥቁር ቀለም ብቻ ያለበትን ስዕል እንዴት ነው የማየው? (የባለሙያ ምላሽ)

ሌላም የሚያነብ ስላለ ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመውና ልጀምር። በሕይወት ካለ ሰዓሊ ወረቀት ላይ በጥቁር ፈሳሽ ቀለም (ኢንክ) ብቻ የተሠራ አብስትራክት (የታወቀ ነገር የማያሳይ) ስዕል ገዝተሻል፣ 70 በ100 ሴንቲሜትር ነው፣ መሀሉን የሚያቋርጥ አንድ ወፍራም የብሩሽ ምት አለው፣ በሱ ላይ የሚያልፉ ብዙ ቀጫጭን መስመሮች፣ ታች በግራ በኩል ግራጫ እድፍ የመሰለ ነገር፣ ላይ ቀኝ ጥጉ ላይ ደግሞ ፍንጣቂ። ባለቤትሽ "ቀለም የተደፋበት ወረቀት" እያለ ይስቅብሻል፣ ቤት የመጣ ሁሉ "ይሄ ምንድን ነው?" ይልሻል፣ አንቺ ትወጂዋለሽ ግን ምን ብለሽ እንደምትመልሺ አታውቂም። መጨረሻ ላይ ደግሞ እንደዋዛ "ቀጫጭኖቹ መስመሮች ወደ ቡናማ እየሄዱ መሰለኝ" ብለሻል። እሷን ነገር እመለስባታለሁ፣ እንዲያውም የምታስቸኩለው እሷ ናት፣ ግን መጀመሪያ ማየቱን ካልተማርሽ እሷንም በደንብ አታይያትም።

"ምንድን ነው?" የሚለውን ለጊዜው ተይው። ስዕሉ ውስጥ የተደበቀ ወፍ ወይ ተራራ የለም፣ ፈልጎ ያገኘ ጎበዝ፣ ያላገኘ ሰነፍ የሚባልበት እንቆቅልሽም አይደለም። እኔ በቀለምና ወረቀት ስሠራም ሳስተምርም ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖኛል፣ ለተማሪዎቼ የምላቸው አንድ ነገር ነው፦ እንደ ዱካ አንብቡት። መሬት ላይ ዱካ የሚያነብ ሰው እኮ "ይሄ ዱካ ምን ይመስላል" ብሎ አይቆምም፣ ማን ቀድሞ አለፈ፣ እየሮጠ ነበር ወይስ እየተራመደ፣ የት ጋ ቆመ፣ የት ጋ ሐሳቡን ቀይሮ ዞረ ነው የሚለው። ያንቺ ስዕል የአንድ ሰው እጅ ያለፈበት መሬት ነው በቃ።

ይሄ በፈሳሽ ቀለም በተሠራ ስዕል የሚሆንበት ምክንያት አለው። በዘይት ቀለም የሚሠራ ሰው ያልወደደውን ይፍቃል፣ ይሸፍናል፣ በሳምንቱ ተመልሶ እንደገና ይሠራበታል፣ አንቺ የምታይው የመጨረሻውን ቆዳ ነው። ፈሳሽ ቀለም ግን ወረቀቱ አንዴ ከጠጣው አለቀ፣ ላጲስ የለም፣ የተሳሳተውም የተሳካውም እዛው ጎን ለጎን ይቀራል። ስለዚህ ስዕሉ የተሠራበት ቅደም ተከተል ሙሉ ለሙሉ ባይሆንም ብዙው ወረቀቱ ላይ አለ፣ የሚያነበው ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ከወፍራሙ ምት ጀምሪ፣ የላክሽው ፎቶ ላይ ደህና ይታያል። በግራ በኩል ጫፉ ድቡልቡል ያለና በጣም ጥቁር ነው፣ ወደ ቀኝ ሲሄድ እየሳሳ እየተበጣጠሰ በመሀሉ የወረቀቱ ነጭ እንደ ጭረት ይታያል። ያ ማለት ብሩሹ በቀለም ተሞልቶ ግራ ላይ አረፈ፣ ትንሽ ቆየ (ለዛ ነው የተጠራቀመው)፣ ከዛ በፍጥነት ሄደ፣ ቀለሙም እያለቀ የብሩሹም ጸጉር እየተከፈለ መጣ። ቻይናዎች ይሄን በምት ውስጥ የሚቀር ነጭ "ፌይባይ" ይሉታል፣ የሚበር ነጭ እንደማለት ነው፣ ካሊግራፈሮቻቸው (የቁም ጽሕፈት ባለሙያዎቻቸው) ከጥንት ጀምሮ የሚያውቁት ነገር ነው። ቀስ ብለሽ ብትስቢው እንደዛ አይመጣም፣ ወረቀቱ ለመጠጣት ጊዜ ስለሚያገኝ ጉድጓዱን ሁሉ ይሞላዋል። ስለዚህ ያ ምት ምንም ይምሰል ምን ፍጥነቱን ግን አፍ አውጥቶ እየነገረሽ ነው። በዛ ላይ ርዝመቱን ልብ በይ፣ ከ80 ሴንቲሜትር የሚያንስ አይመስለኝም፣ ይሄ በእጅ አንጓ አይሠራም፣ ከትከሻ ነው የመጣው፣ ሰውየው ቆሞ ነው የሠራው። በአሁኗ ደቡብ ኮሪያ የተወለደው ሰዓሊ ሊ ኡፋን በ1970ዎቹ (እ.ኤ.አ. ነው፣ ከዚህ በታችም ያለው ሁሉ) ተከታታይ ሥዕሎቹን በዚህ አንድ ነገር ላይ ነበር የሠራው፣ ብሩሹን ሞልቶ ቀለሙ እስኪያልቅ መስመሩን ይስባል፣ ሲያልቅ እንደገና ሞልቶ ሌላ። ምስል የሚባል ነገር የለውም፣ ግን ፊቱ ስትቆሚ ጊዜ ሲያልቅ ታይዋለሽ።

አሁን ቀጫጭኖቹ። እነሱ በብሩሽ አልተሠሩም፣ በብዕር ናቸው፣ እንዴት አወቅክ ካልሽኝ ሁለተኛው ፎቶሽ ላይ ቀረብ ብለሽ ያነሳሻት አንዷ መስመር መጨረሻዋ ላይ እንደ ባቡር ሐዲድ ለሁለት ተከፍላለች። የብረት ብዕር ሲጫኑት ጫፉ ይከፈታል፣ በዛው ሰዓት ቀለሙ ካለቀበት መሀሉ ባዶ ሆኖ ሁለቱ ጠርዞች ብቻ ይጽፋሉ። ቆንጆ ስህተት ነው፣ አንዳንዱ ሆን ብሎ ያመጣዋል። የኔ ጥያቄ ግን የትኛው ቀደመ ነው፣ ወፍራሙ ምት ወይስ መስመሮቹ? ይሄን ከፎቶ ቁርጥ አድርጌ መናገር አልችልም፣ አንቺ ግን ቤትሽ ሆነሽ ትችያለሽ። መብራት አጥፊና ባትሪ ከጎን በኩል ዝቅ አድርገሽ አብሪበት። ብዕር ወረቀቱን ትንሽ ይቧጭራል፣ ጥቁሩ ላይ የሚያብረቀርቅ ቀጭን ጎድጓዳ መንገድ ካየሽ መስመሩ ከምቱ በኋላ ነው የመጣው። መስመሩ ጥቁሩ ጋ ሲደርስ እንደ ሥር ተሰራጭቶ ደብዝዞ ከሆነ ደግሞ ምቱ ሳይደርቅ ነው የገባበት፣ ያ ሰው ቸኩሏል ማለት ነው። ቁርጥ ብሎ ንጹህ ሆኖ ካለፈ ጠብቋል፣ ምናልባት አንድ ሰዓት ምናልባት አንድ ቀን። ይሄ ልዩነት ቀላል እንዳይመስልሽ፣ አንዱ በአንድ ትንፋሽ የተሠራ ስዕል ነው፣ አንዱ ሰውየው ሄዶ ተቀምጦ አይቶ አስቦ ተመልሶ የመጣበት ስዕል ነው።

ቅደም ተከተልን ስዕል ያደረጉ ሰዎች አሉ። ሰዓሊዋን ጁሊ ምህረቱን ብዙ ሰው ያውቃታል፣ በ1970 አዲስ አበባ የተወለደችው፣ አሜሪካ ያደገችው። በ2000ዎቹ በሠራቻቸው ትላልቅ ሸራዎች ላይ በቀለም የሕንፃ ንድፍ ትሠራ ነበር፣ በላዩ የሚያሳይ አክሪሊክ (እንደ ፕላስቲክ የሚደርቅ ቅብ) ታለብስና በብርጭቆ ወረቀት ታለሰልሰው ነበር፣ በዛ ላይ እንደገና በቀለም ትሄድበትና እንደገና ታለብስ ነበር። ቀረብ ብለሽ ስታይው እንደ መሬት ንጣፍ ነው፣ የታችኛው ድሮ ነው የላይኛው አሁን ነው። ያንቺ አንድ ወረቀት ነው፣ ንጣፍ የለውም፣ ግን አነባበቡ አንድ ነው።

ግራጫው እድፍ። ባለቤትሽ የሚስቀው እሱ ላይ ይመስለኛል፣ እኔ ደግሞ የወደድኩት እሱን ነው፣ ምን ይደረግ። ጠርዙን እይው፣ ከመሀሉ ይልቅ ዳሩ የጠቆረ ነው፣ ቀጭን ቅርጽ የተሠራለት ይመስላል፣ ማንም ግን ያንን ጠርዝ አልሣለውም። በውሃ የቀጠነ ቀለም ሲደርቅ ዳሩ ላይ ውሃው ቶሎ ይተናል፣ ያንን ለመተካት ከመሀል ፈሳሽ ወደ ዳር ይሄዳል፣ ሲሄድ ቀለሙ የተሠራበትን የጥላሸት ደቃቅ ብናኝ ይዞ ሄዶ እዛ ይጥለዋል። የደረቀ የቡና ጠብታ ቀለበት የሚሠራውም በዚሁ ነው፣ በ1997 የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፊዚሲስቶች ናቸው ነገሩን በደንብ ያስረዱት። ታዲያ ይሄ ከስዕል ጋር ምን አገናኘው? ሰውየው ውሃውን ካፈሰሰ በኋላ እጁን አንስቷል ማለት ነው። በብሩሽ ቢነካካው፣ በጨርቅ ቢመጠው ጠርዙ አይኖርም ነበር። ወፍራሙ ምት ሙሉ በሙሉ የእሱ ነው፣ ግራጫው ደግሞ ግማሹ የውሃው ነው፣ አንድ ወረቀት ላይ ሁለቱን ጎን ለጎን ማስቀመጡ የስዕሉ ዋና ነገር ይመስለኛል፣ አንዱ ያዘዘው አንዱ የተወው። (ይሄ የኔ አስተያየት ነው፣ ሰዓሊው ሊስቅብኝ ይችላል።)

ፍንጣቂውን ቶሎ ልለፈው። ክብ ጠብታ ከላይ ቀጥ ብሎ ወድቋል፣ ጭራ ያለው ጠብታ ጭራው ወደሚጠቁምበት አቅጣጫ እየሄደ ነበር። ያንቺዎቹ ጭራቸው ወደ ላይ ቀኝ ነው፣ ማለትም ወፍራሙ ምት ሲያልቅ ብሩሹ ከወረቀቱ ሲነሳ የተረጨ ነው የሚመስለው። ደግሞ ቁልቁል የወረደ ቀለም የትም የለም፣ ስለዚህ ወረቀቱ ግድግዳ ላይ አልነበረም፣ ጠረጴዛ ወይ ወለል ላይ ተኝቶ ነበር።

እዚህ ጋ አንድ ነገር ላስጠንቅቅሽ፣ እኔም ብዙ ጊዜ ተሸውጄበታለሁ። ፈጣን ዱካ ማለት ያልታሰበበት ማለት አይደለም። የአሜሪካዊው ሰዓሊ የፍራንዝ ክላይን ትላልቅ ጥቁርና ነጭ ሥራዎች በአንድ ደቂቃ ንዴት የተወረወሩ ነው የሚመስሉት፣ ሰውየው ግን መጀመሪያ በትናንሽ ወረቀት ላይ፣ ያገለገለ የስልክ ማውጫ ገጽ ላይ ሳይቀር፣ በቀለም ብዙ ይሞክር ነበር፣ ከነሱ መርጦ ነው ወደ ሸራ የሚያሳድገው፣ ነጩንም እንደ ጥቁሩ በብሩሽ ነው የሚቀባው። ሰዓሊው ሀንስ ሀርቱንግም እንደዛው፣ በ1950ዎቹ የሠራቸው እንደ መብረቅ የሚመስሉ መስመሮች ብዙዎቹ ከትንሽ የቀለም ንድፍ በጥንቃቄ ተለክተው ወደ ሸራ የተገለበጡ ናቸው። ይሄ ሲታወቅ ተታለልን ያለ ሰው ነበር፣ እኔ አልልም። እነሱ ግን ሸራ ላይ ነው የሠሩት፣ ያንቺ ቀለሙን የጠጣ ወረቀት ነው፣ ግልባጭ ሊሆን አይችልም ባልልም ያ የሚበር ነጭ ተገልብጦ እንዲህ የሚመጣ አይመስለኝም።

"ይሄንማ ልጅም ይሠራዋል" ለሚለው። በ2011 ቦስተን ኮሌጅ ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች ይሄንኑ ሞክረውታል፣ የታወቁ አብስትራክት ሰዓሊዎችን ሥራ ከልጆችና ከእንስሳት (ዝንጀሮና ዝሆን ሳይቀር) ሥራ ጋር ጥንድ ጥንድ እያደረጉ ለሰው አሳዩ፣ ስሙን አቀያይረው እያሳሳቱም ጭምር። ሰዎቹ፣ ጥበብ ያልተማሩትም፣ የሰዓሊውን በግምት ከሚገኘው በላይ ለዩ። ሁሌ ግን አይደለም፣ የተሳሳቱበትም ብዙ ነው። ስለዚህ ባለቤትሽ ቢሳሳት አይፈረድበትም፣ ግን "ልዩነት የለውም" ካለ ተሳስቷል። እኔ በበኩሌ በክርክር አላምንም፣ ወረቀትና ቀለም ስጪውና ያንን ምት ይሞክረው። ምቱን አንዴ በዕድል ሊያመጣው ይችላል፣ የሚከብደው እሱ አይደለም፣ የሚከብደው ከምቱ በኋላ ቀጥሎ ምን እንደሚያደርግና የት ጋ እንደሚያቆም ነው። አሥረኛው ወረቀት ላይ መሳቁን ያቆማል፣ አይቼዋለሁ።

አሁን ወደ ቡናማዋ። "ጥቁር ቀለም" የምንለው አንድ ነገር አይደለም፣ ቢያንስ ሦስት ነው። አንደኛው ከጥላሸት የሚሠራው ነው፣ ቻይና ቀለም፣ ኢንዲያን ኢንክ የሚባለው፣ ካርቦን ስለሆነ ብርሃን አያደበዝዘውም፣ የሺህ ዓመት ወረቀት ላይ ዛሬም ጥቁር ነው። ሁለተኛው ከብረትና ከኦክ ዛፍ እባጭ በሚወጣ ታኒን የሚሠራው ነው፣ ሲጽፉት ገርጣ ያለ ነው፣ አየር ሲያገኘው ይጠቁራል፣ በዓመታት ብዛት ቡናማ ይሆናል፣ አሲድ ስላለውም ወረቀቱን ይበላል። የድሮ አውሮፓውያን ንድፎች ብዙዎቹ ቡናማ የሆኑት መጀመሪያም ቡናማ ስለነበሩ አይደለም። ሦስተኛው ከዳይ (በውሃ የሚሟሟ ማቅለሚያ) የሚሠራው ነው፣ ብዙ የፋውንቴን ብዕር ቀለምና የማርከር ቀለም ከዚህ ነው፣ ጥቁር የሚመስለው ብዙ ጊዜ የተለያዩ ዳዮች ተደባልቀው ነው፣ ብርሃን አንዱን ቀድሞ ሲያጠፋው የቀረው ቡናማ ወይ ሐምራዊ ሆኖ ይወጣል። እኔ ተማሪ እያለሁ በማርከር የሠራሁትን መስኮት አጠገብ ሰቅዬ ሁለት ዓመት ሳይሞላው ወይን ጠጅ ሆኖ አግኝቼዋለሁ።

ያንቺ ስዕል ላይ ወፍራሙ ምት እንደጠቆረ ነው፣ ቡናማ የሆኑት ቀጫጭኖቹ ብቻ ናቸው ብለሻል። ይሄ ነው ነገሩን የፈታልኝ። ኢንዲያን ኢንክ ብዙ ጊዜ ሼላክ የሚባል ሙጫ ስላለው ሲደርቅ ውሃ አያስገባም፣ ግን በዛው ምክንያት ፋውንቴን ብዕር ውስጥ ከገባ ደርቆ ይደፍነዋል፣ ስለዚህ ብዙ ሰዓሊ ብሩሹን በአንድ ቀለም፣ ብዕሩን በሌላ ቀለም ነው የሚሠራው። እኔ የምጠረጥረው ወፍራሙ ካርቦን ነው፣ መስመሮቹ ግን ዳይ ናቸው። ለማረጋገጥ ፍሬሙን አስከፍቺና በዙሪያው ያለው የካርቶን ክፈፍ የሸፈነውን የወረቀቱን ጠርዝ እዪ፣ መስመሮቹ ወደዛ ስር ይገባሉ ብለሻል። ክፈፉ ስር ያለው መስመር ጥቁር ሆኖ ውጪ ያለው ቡናማ ከሆነ ብርሃን ነው የበላው። ስሩም ውጪውም እኩል ቡናማ ከሆነ ወረቀቱን ገልብጪና ጀርባውን እዪ፣ መስመሮቹ በጀርባ ቡናማ ሆነው ወጥተው ወይም ዙሪያቸው እንደ ጥላ ካጠሉ የብረት ቀለም ነው፣ እሱ የወረቀት ጥገና ባለሙያ ጋ መሄድ አለበት። ከፊትም ከኋላም ምንም ካላየሽ ምናልባት መጀመሪያውኑ ቡናማ ነበሩ፣ አንቺ ነሽ ዛሬ ያየሻቸው፣ ይሄም ያጋጥማል። እባክሽ ግን በእርጥብ ጥጥ ነክቼ ልሞክረው እንዳትዪ፣ የዳይ ቀለም ከሆነ እዛው ይሟሟል።

ብርሃን ከሆነ የጠፋው አይመለስም፣ ማቆም እንጂ ማዳን አይቻልም። ፀሐይ ከሚያገኘው ግድግዳ አንሺው፣ መስኮት ፊት ለፊትም አይሁን። ዩቪ (ዓይን የማያየውን የፀሐይ ጨረር) የሚከላከል መስታወት ጥሩ ነው ግን ሰው እንደሚያስበው ጋሻ አይደለም፣ የሚታየው ብርሃን ራሱ ያደበዝዛል፣ ሙዚየሞች ለእንዲህ ዓይነት ወረቀት መብራቱን ወደ 50 ሉክስ (የብርሃን መለኪያ ነው) አካባቢ የሚቀንሱት ለዛ ነው፣ በዛ ላይ ጥቂት ወር ሰቅለው ወደ መጋዘን ይመልሱታል። አንቺም ስድስት ወር ሰቅለሽ ስድስት ወር ብታሳርፊው ለስዕሉ ትልቅ ነገር ነው። መስታወቱ ወረቀቱን አይንካው፣ እርጥበት ሲይዝ ይጣበቃል። ፍሬም ሠሪው ወረቀቱን በስኮች ለጥፎት ከሆነ ደግሞ ራስሽ እንዳትልጪው፣ ሙጫው ገብቶ ከሆነ ወረቀቱ አብሮ ይቀደዳል። ጥሩው አያያዝ ከላይ በኩል ብቻ በሁለት ትንንሽ የጃፓን ወረቀት ቁራጭ፣ በስንዴ ስታርች ሙጫ ማንጠልጠል ነው፣ ወረቀት በእርጥበት ስለሚሰፋና ስለሚኮማተር አራቱንም ጥግ ካሠርሽው ይጨማደዳል።

ሰዓሊው በሕይወት አለ ብለሻል፣ ደውይለት። "ምን ለማለት ፈልገህ ነው?" አትበዪው፣ ብዙዎቻችን ይሄን ስንጠየቅ የማይረባ ነገር ነው የምንቀባጥረው። ይልቅ ብዕሩ ውስጥ የነበረው ምን ቀለም እንደሆነ ጠይቂው፣ ወረቀቱ የጥጥ ይሁን የእንጨት፣ ከምቱ በኋላ ስንት ሰዓት ጠበቀ፣ የመጨረሻዋ መስመር የትኛዋ ነች። የመለሰልሽን በእርሳስ ጻፊና ፍሬሙ ጀርባ ላይ አኑሪው፣ ስዕሉ ጀርባ ላይ ግን አይሆንም። እኔም አንድ ነገር ጠይቂልኝ፣ ላይ በግራ ጥጉ ላይ ከሌሎቹ ተነጥለው የቆሙ ሁለት አጫጭር መስመሮች አሉ፣ ከምቱ በፊት ይሁኑ ከምቱ በኋላ ብዙ ባየውም አልገባኝም።